ፕሮሰሰሬ ኢንቴል ሆኖ ሳለ «ኤኤምዲ64» የሚለውን ልጫን?

ጥያቄ፦

ለዓምዱ አዘጋጅ፤ የምጽፍልዎ ከደሴ ነው፤ የሁለተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። በቅርቡ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ኮር አይ5 ሲሆን 8 ጊጋባይት ራም አለው ተብዬ ነው የገዛሁት። ዴቢያን 12 የሚባለውን ሊኑክስ ልጭንበት ስል ማውረጃው ላይ ሁለት ምርጫ አገኘሁ፤ አንዱ «ኤኤምዲ64»፣ ሌላው «አይ386» ይላል። የእኔ ኢንቴል ስለሆነ የኤኤምዲውን ትቼ አይ386 የሚለውን ወሰድኩ። ስጭን ደግሞ የትኛውን ከርነል እንደምፈልግ ጠየቀኝ፤ «686» እና «686-ፒኤኢ» የሚሉ ነበሩ። ፒኤኢ ምን እንደሆነ ስለማላውቅ አጭሩን መረጥኩ። አሁን ሲስተሙ የሚያሳየኝ ራም 3 ጊጋባይት ገደማ ብቻ ነው። ሻጩ ዋሽቶኝ ይሆን?

ዋይፋዩም አይሠራም። ቺፑ ብሮድኮም ነው። ያገኘሁት መመሪያ «ሊኑክስ-ሄደርስ ጫን» ይላል፤ ስፈልገው ግን «ሊኑክስ-ኢሜጅ»፣ «ሊኑክስ-ሄደርስ»፣ «ሊኑክስ-ሶርስ» የሚሉ ፓኬጆች ተደርድረው አገኘኋቸውና ግራ ተጋባሁ። ከእኔ በፊት ሊኑክስ የጀመረ የዶርም ጓደኛዬ «ሶርሱን አውርደህ ለራስህ ፕሮሰሰር ከርነል ኮምፓይል ብታደርግ ላፕቶፑ ይፈጥናል» ይለኛል። እውነት ነው? ኢንተርኔት የምጠቀመው በሞባይል ዳታ ስለሆነ ደጋግሜ ማውረድ አልችልም፤ አንዴ ልክ የሆነውን ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ተማሪ፣ ከደሴ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ የሻጩን ጉዳይ ዛሬ ማታ ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ከዚያ በፊት ግን «ኤኤምዲ64» የሚለው ነገር ግልጽ መሆን አለበት። የማይሆነውን ዲስክ ያስወረደዎት እሱ ነው፤ ብዙ ጀማሪዎችም የሚሳሳቱት እዚሁ ላይ ነው።

መጠሪያው ስለ አምራቹ አይናገርም። የሚናገረው ፕሮሰሰሩ ስለሚረዳቸው ትእዛዞች ነው። ኢንቴል በ1985 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው 386 ፕሮሰሰር ባለ 32 ቢት ነበር። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የመጀመሪያውን ሊኑክስ የጻፈው ለዚሁ ፕሮሰሰር ነው። ከዚያ 486፣ ፔንትየም፣ በ1995 ደግሞ ፔንትየም ፕሮ ተከተሉ። እያንዳንዱ የቀደመውን ትእዛዝ ሁሉ እየተረዳ የራሱን ይጨምር ነበር። ዴቢያን ይህን ባለ 32 ቢት ቤተሰብ በጠቅላላ «አይ386» ብሎ ይጠራዋል። ስሙ ቀረ እንጂ ዛሬ እውነተኛው 386 ላይ የሚነሳ ሊኑክስ የለም ማለት ይቻላል፤ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል በ2013 ከወጣው 3.8 ጀምሮ ለ386 ድጋፍ አይሰጥም። ዴቢያን 12 ላይ ያዩት «686» የሚለው ቁጥር ደግሞ የፔንትየም ፕሮን ትውልድ ያመለክታል፤ ከዚያ በታች ባለ ፕሮሰሰር አይሠራም ማለት ነው።

ወደ 64 ቢት መሻገር ሲመጣ ኢንቴል ከቀድሞው ጋር የማይገናኝ አዲስ የትእዛዝ ስብስብ ይዞ መጣ፤ ኢታኒየም ይባል ነበር፣ ገበያ ላይ የዋለውም በ2001 ነው። ኤኤምዲ ግን የቀድሞውን ሳይጥል አሰፋው፣ በ2003 ኦፕተሮን በተባለው ፕሮሰሰር ላይ አወጣው። ገዢው የያዘው ሶፍትዌር ሁሉ እንደነበረ እንዲሠራለት ስለፈለገ ያሸነፈው የኤኤምዲ መንገድ ሆነ። ኢንቴልም ከ2004 ጀምሮ ያንኑ በራሱ ፕሮሰሰሮች ውስጥ አስገባ። ዴቢያን መጠሪያውን ከመጀመሪያው አውጪ ስለወሰደ «ኤኤምዲ64» ብሎ ቀረ። ሌሎች የሊኑክስ ስርጭቶች ይህንኑ «ኤክስ86-64» ይሉታል። ኮር አይ5 ደግሞ በ2009 ከተጀመረ ወዲህ 64 ቢት ያልሆነ የለውም። ስለዚህ የእርስዎ ዲስክ ኤኤምዲ64 ነው።

ማረጋገጥ ከፈለጉ ተርሚናል ከፍተው «ኤልኤስሲፒዩ» የሚለውን ትእዛዝ ያስገቡ። ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች በአንዱ ላይ ፕሮሰሰሩ የሚሠራባቸው ስልቶች ተዘርዝረዋል፤ 32 ቢትም 64 ቢትም ተጽፎ ያገኙታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ብዙ መመሪያዎች «ዩኔም ሰረዝ ኤም» የሚለውን ትእዛዝ ያስተምራሉ። እሱ ግን የሚነግርዎ አሁን እየሠራ ስላለው ከርነል እንጂ ስለ ፕሮሰሰሩ አይደለም። የእርስዎ ላፕቶፕ ላይ ዛሬ «አይ686» ብሎ ይመልሳል፤ ያንን አይቶ «ኮምፒውተሬ 32 ቢት ነው» ብሎ ተስፋ የቆረጠ ሰው ጥቂት አይደለም።

አሁን ወደ ራሙ እንሂድ። በ32 ቢት ሊጻፉ የሚችሉት አድራሻዎች 4,294,967,296 ናቸው፤ እያንዳንዱ አድራሻ አንድ ባይት ስለሚይዝ ድምሩ 4 ጊጋባይት ይሆናል። የቤት ቁጥር ያለቀበትን ከተማ ያስቡ፤ ቤቱ ተሠርቶ ቢቆምም ቁጥር ስለሌለው ማንም አያገኘውም። ከዚያው 4 ጊጋባይት ላይ ግራፊክሱና ሌሎች የማሽኑ ክፍሎች ለራሳቸው አድራሻ ስለሚወስዱ ለራሙ የሚተርፈው ብዙውን ጊዜ 3 ጊጋባይት አካባቢ ነው። እርስዎ የመረጡት «686» ከርነል በዚህ ወሰን ውስጥ ብቻ የሚሠራ ነው። ሻጩ ሙሉውን 8 ጊጋባይት ሰጥቶዎት ቢሆንም ይህ ከርነል ከዚህ በላይ ሊያይ አይችልም።

ፒኤኢ ይህን ወሰን ለማለፍ የመጣ ዘዴ ነው። ከፔንትየም ፕሮ ጋር በ1995 የወጣ ሲሆን የአካላዊ ሜሞሪ አድራሻን ከ32 ወደ 36 ቢት በማስፋት እስከ 64 ጊጋባይት ራም እንዲደረስ አደረገ። ዴቢያን ሁለቱን ለይቶ ያስቀመጠው ይህን ዘዴ የማያሳዩ ፕሮሰሰሮች ስላሉ ነው፤ ከነዚህ መካከል ቀደም ያሉት ፔንትየም ኤም ላፕቶፖች ይገኛሉ። ፒኤኢ የሚጠቅመው ለራም ብቻም አይደለም። ዳታ የተቀመጠበትን የሜሞሪ ክፍል እንደ ፕሮግራም እንዳይሠራ የሚከለክለው የደኅንነት ጥበቃ በ32 ቢት ከርነል ላይ የሚገኘው በፒኤኢ በኩል ብቻ ነው። እኔ ስሙን ባላውቀው እንኳ ሁለት ምርጫ ሲቀርብልኝ አጭሩን ከመውሰድ የፓኬጁን መግለጫ አነባለሁ፤ ዴቢያን ለእያንዳንዱ ከርነል የትኛውን ፕሮሰሰር እንደሚፈልግ በግልጽ ጽፎ ያስቀምጣል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ይህን ያድርጉ። ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝተው ዳታውን ለላፕቶፑ ያካፍሉ፣ «ሊኑክስ-ኢሜጅ-686-ፒኤኢ» የሚለውን ፓኬጅ ይጫኑ። መጠኑ ከ100 ሜጋባይት በታች ነው፤ የነበረውንም አያጠፋም፣ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ላፕቶፑን አጥፍተው ሲያስነሱ በመነሻው ዝርዝር ላይ ፒኤኢ የሚለውን ይምረጡ። ከዚያ «ፍሪ ሰረዝ ኤች» ብለው ይመልከቱ። ከ8 ጥቂት ያነሰ ቁጥር ከታየ ራሙ በሙሉ አለ፤ የጎደለችው ትንሽ ከርነሉና ግራፊክሱ የያዟት ናት። አሁንም 3 ወይም 4 ካለ ወደ ባዮሱ ገብተው ምን ያህል እንደተጻፈ ይዩ፤ እዚያም ካነሰ ሻጩን ለመጠየቅ በቂ ምክንያት አለዎት።

ይህ ግን ለማረጋገጫ ነው እንጂ ለመኖሪያ አይሆንም። በፒኤኢ ከርነል ሲስተሙ በጠቅላላ 8 ጊጋባይት ቢያይም እያንዳንዱ ፕሮግራም ለብቻው ሊይዝ የሚችለው 3 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ባለ 32 ቢት ሆኖ ይቀጥላልና። የሶፍትዌር አምራቾችም 32 ቢትን ከተዉት ቆዩ፤ ጉግል ክሮም ለ32 ቢት ሊኑክስ መውጣቱን ያቆመው በ2016 ነው። ዋናው ምክንያት ደግሞ ይህ ነው፦ በነሐሴ 2025 የወጣው ዴቢያን 13 ለአይ386 ከርነልም ማጫኛ ዲስክም የለውም። አሁን ባሉበት ከቆዩ ወደሚቀጥለው የሚያሻግር መንገድ የለም። ስለዚህ ፋይሎችዎን በፍላሽ ወይም በውጭ ዲስክ አስቀምጠው፣ የዴቢያን 13ን ኤኤምዲ64 ዲስክ በአዲስ ይጫኑ። ኔትኢንስት የሚባለው ትንሹ ዲስክ ከ1 ጊጋባይት በታች ነው፤ ቀሪውን ሲጭን ስለሚያወርድ ግን የዩኒቨርሲቲውን መስመር ማግኘት ከቻሉ እዚያ ሆነው ቢጨርሱት ከወጪ ይድናሉ። የተጫነን ባለ 32 ቢት ሲስተም ሳያፈርሱ ወደ 64 መቀየር የሚያስተምሩ መመሪያዎች አሉ፤ ለጀማሪ አልመክርም፤ መሐል ላይ ሲበላሽ የሚጠፋው ጊዜ በአዲስ ከመጫን ብዙ እጥፍ ይሆናል።

ወደ ጓደኛዎ ምክር ልምጣ። ጓደኛዎ የነገርዎት ነገር መሠረት የሌለው አይደለም፤ ዘመኑ ያለፈ ነው እንጂ። በ2005 የወጣውን ዴቢያን 3.1 የጫነ ሰው ከርነል ሲመርጥ «386»፣ «686» እና «ኬ7» የሚሉ ይቀርቡለት ነበር። ኬ7 ማለት ኤኤምዲ በ1999 ያወጣው አትሎን ነው። የዚያ ጊዜ ኡቡንቱም እንዲሁ ነበር። የራስን ፕሮሰሰር አውቆ ትክክለኛውን ከርነል መጫን የሊኑክስ ተጠቃሚ የመጀመሪያ ትምህርት ነበር፤ ከዚያ አልፎ ምንጩን አውርዶ በልኩ መሥራት ደግሞ የጉብዝና ምልክት። ያ ልማድ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ እዚህ ደርሷል።

ኡቡንቱ በ2006 ባወጣው 6.10 ላይ የ686ና የኬ7ን ከርነሎች አንድ አድርጎ «ጀነሪክ» አላቸው፤ ዴቢያንም በየእትሙ ምርጫዎቹን እየቀነሰ መጣ። ይህ የሆነው ሥራውን ከርነሉ ራሱ ስለተረከበ ነው። ዛሬ ከርነሉ ሲነሳ መጀመሪያ ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ ፕሮሰሰሩን ምን እንደሚችል መጠየቅ ነው። በከርነሉ ውስጥ አንድን ሥራ የሚሠሩ ሁለትና ከዚያ በላይ አማራጭ ትእዛዞች ያሉባቸው ቦታዎች አስቀድመው ምልክት ተደርጎባቸዋል። መልሱን ሲያገኝ በእነዚያ ቦታዎች ላይ ለዚህ ፕሮሰሰር የሚሻለውን ይጽፍባቸዋል። ሜሞሪ ውስጥ የገባው ከርነል ዲስክ ላይ ካለው ፋይል ይለያል ማለት ነው፤ በተነሳበት ማሽን ልክ ራሱን አርሟል። እንዲያውም ለአንዳንድ ሥራዎች ጥያቄም አይበቃውም፤ ይለካል። በራይድ 6 ወይም በቢተርኤፍኤስ የተዘጋጀ ዲስክ ያለበት ማሽን ላይ «ዲኤምኤስጂ» ብለው የመነሻ መልእክቶቹን ቢያነቡ፣ ከርነሉ የተለያዩ የስሌት ዘዴዎችን እዚያው አሯሩጦ በሴኮንድ ስንት ሜጋባይት እንደሠሩ ጽፎ፣ ፈጣኑን እንደመረጠ ያዩታል። ምስጠራ ላይም እንዲሁ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ለዚያ የተሠሩ ልዩ ትእዛዞች ካሉት በእነሱ የተጻፈው ክፍል ሥራውን ይረከባል። ይህን አሠራር መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ እጅግ አድንቄው ነበር፤ ዛሬም አደንቀዋለሁ። አንድ ፋይል ከ20 ዓመት በፊት በተሠራ ኦፕተሮንም፣ ትናንት በተገዛ ማሽንም ላይ በየልካቸው ሆኖ ይነሳል።

ታዲያ ራስዎ ኮምፓይል ሲያደርጉ የሚተርፈው ጥቅም ምንድን ነው? የዴቢያን 12 ከርነል 6.1 ነው፤ በማዋቀሪያው ውስጥ «የፕሮሰሰር ቤተሰብ» የሚል ምርጫ አለ፤ ኦፕተሮን፣ ኮር 2፣ አተም እና ለሁሉም የሚሆን የሚሉ ይገኙበታል። ምርጫው ኮምፓይለሩ ትእዛዞችን የሚደረድርበትን መንገድ ይለውጣል። ይሁንና ከርነል የሚሠራው አብዛኛው ሥራ ማስተላለፍ፣ ማቀናጀትና መጠበቅ ነው፤ አዳዲስ ፕሮሰሰሮች የሚኩራሩበት ከባድ ሒሳብ በፕሮግራሞቹ ውስጥ እንጂ እዚህ ብዙም የለም። ስለዚህ በዕለት ተዕለት ሥራ ልዩነቱን በዓይን አያዩትም። ወጪው ግን ይታያል። የተፈታው ምንጭ ብቻውን ከ1 ጊጋባይት በላይ ነው፤ በዴቢያን ሙሉ ማዋቀሪያ ሲሠራ ብዙ ጊጋባይት ነጻ ቦታ ይጠይቃል፣ በእርስዎ ዓይነት ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ሰዓታት ይፈጃል። ሲጨርሱም የደኅንነት ማስተካከያ በወጣ ቁጥር ዴቢያን ለሌላው ሰው የተሠራውን ይልክለታል፤ የእርስዎን ግን እንደገና መሥራት ያለብዎ ራስዎ ነዎት። ይህን የሚዘነጋ ሰው ከወራት በኋላ ቀዳዳው በአደባባይ የታወቀ ከርነል ይዞ ይቀራል። ሴኪዩር ቡት የበራበት ማሽን ደግሞ ያልተፈረመበትን ከርነል ጨርሶ አያስነሳም፤ በራስዎ ቁልፍ መፈረምና ቁልፉን ማስመዝገብ ይኖርብዎታል።

ላፕቶፑን ማፍጠን ከፈለጉ ገንዘቡንም ጊዜውንም ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ በመተካት ላይ ያውሉት። ከዚያ ቀለል ያለ ዴስክቶፕ፣ ለምሳሌ ኤክስኤፍሲኢ ይምረጡ።

ጓደኛዎ እውነት የሚሆንበት ቦታ እንዳለ ግን መካድ አልፈልግም። ኤአርኤም ፕሮሰሰር ያላቸው ትንንሽ ኮምፒውተሮች ላይ ነገሩ ዛሬም የቀድሞውን ይመስላል። በራስፕቤሪ ፓይ ማስነሻ ክፍልፋይ ውስጥ ቢያዩ በርካታ ከርነሎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፦ ለመጀመሪያው ፓይና ለዜሮ አንድ፣ ለፓይ 2 እና 3 ሌላ፣ ለፓይ 4 በ32 ቢት ሌላ፣ ለ64 ቢት ሌላ፣ ለፓይ 5 ደግሞ የራሱ። የትኛው እንደሚነሳ ማሽኑ ራሱ ይመርጣል። ማሽኑ ላይ ምን ምን እንዳለ ከርነሉ ጠይቆ የሚያውቅበት ወጥ መንገድ በፒሲ ላይ እንዳለው በእነዚህ ላይ ስለሌለ፣ ዲቫይስ ትሪ የሚባል የማሽኑን ዝርዝር የያዘ ፋይል አብሮ ይሰጠዋል። ፓይ ገዝተው ከሆነ፣ ወይም ወደፊት ለትንንሽ መሣሪያዎች መሥራት ከፈለጉ፣ ከርነል በልክ መሥራት እዚያ የሙያው አካል ነው።

ፒሲ ላይ ደግሞ የፕሮሰሰር ጥያቄ በሌላ በር ተመልሶ መጥቷል። በ2020 የኤክስ86-64 ፕሮሰሰሮች ከ1 እስከ 4 በደረጃ ተከፈሉ። በ2022 የወጣው ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 9 ቢያንስ ደረጃ 2ን፣ በ2025 የወጣው 10 ደግሞ ደረጃ 3ን ይጠይቃል። ይህ የከርነሉ ብቻ ሳይሆን የስርጭቱ ሁሉም ፓኬጆች ጉዳይ ነው። ደረጃ 3 ላይ የደረሰው ኮር አይ5 በ2013 የወጣው አራተኛው ትውልድ ነው፤ የእርስዎ ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ ያንን ስርጭት አያወርዱ፣ ዳታዎ በከንቱ ይሄዳል። ዴቢያን ኤኤምዲ64 ግን የመጀመሪያውን ደረጃ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

የቀሩት ሦስቱ ፓኬጆች ናቸው። «ሊኑክስ-ኢሜጅ» የሚለው ተሠርቶ ያለቀው፣ ማሽኑ የሚነሳበት ከርነል ነው። «ሊኑክስ-ሶርስ» የከርነሉን ምንጭ ጽሑፍ ታሽጎ ይዞ «ዩኤስአር» ማህደር ሥር ባለው «ኤስአርሲ» ውስጥ ያስቀምጥልዎታል፤ ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው፣ ሲጭኑትም ምንም አይለወጥም፤ ተቀምጦ ይቆያል። «ሊኑክስ-ሄደርስ» በሁለቱ መካከል ያለ ነው። ሙሉው ምንጭ አይደለም፤ ከርነሉ ከውጭ ከሚመጣ ተጨማሪ ክፍል ጋር እንዴት እንደሚነጋገር የሚናገሩትን ፋይሎች ብቻ ይይዛል። ድራይቨር ኮምፓይል ለማድረግ የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ለዋይፋዩም የሚያስፈልግዎ፣ ካስፈለገዎ፣ ሄደርስ ብቻ ነው። «ካስፈለገዎ» ያልኩት ሁሉም ብሮድኮም አንድ ስላልሆነ ነው። አንዳንዱ ቺፕ ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ አለ፤ የጎደለው ፈርምዌር ብቻ ነው። ሌላው ግን «ብሮድኮም-ኤስቲኤ-ዲኬኤምኤስ» የሚባለውን ፓኬጅ ይፈልጋል። «ኤልኤስፒሲአይ» ብለው የቺፑን ቁጥር ይዩ፣ ከዚያ የዴቢያንን የብሮድኮም ዝርዝር ያመሳክሩ። ሁለተኛው ከሆነ ዲኬኤምኤስ የሚባለው መሣሪያ ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ድራይቨሩን ራሱ ደግሞ ኮምፓይል ያደርገዋል። ይህ የሚሆነው ግን ሄደርሱ ከሚሠራው ከርነል ጋር አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። ስለዚህ ቁጥር የተጻፈበትን ሳይሆን «ሊኑክስ-ሄደርስ-ኤኤምዲ64» የሚለውን አጠቃላይ ፓኬጅ ይጫኑ፤ ከከርነሉ ጋር አብሮ ይታደሳል። ቁጥር ያለውን ብቻ የጫነ ሰው በሚቀጥለው የከርነል እድሳት ማግሥት ዋይፋዩ ጠፍቶ ያገኘዋል። አዲሱን ዲስክ ከጫኑ በኋላ እንጂ አሁን አይድከሙበት፤ ለ686 የወሰዱት ሄደርስ እዚያ አይጠቅምም።

«ሶርስ ፓኬጅ» የሚባለው ደግሞ ከእነዚህ ከሦስቱም የተለየ ነገር ነው፤ «ሊኑክስ-ሶርስ» ከሚለው ጋር እንዳያምታቱት። በዴቢያን ውስጥ የሚጭኑት እያንዳንዱ ፓኬጅ የተሠራበት ምንጭ ለብቻው ተቀምጧል። ብዙውን ጊዜ ሦስት ፋይሎች ናቸው። አንደኛው የፕሮግራሙ ደራሲዎች እንዳወጡት ያለ ምንም ለውጥ የታሸገው ጽሑፍ ነው። ሁለተኛው ዴቢያን የጨመረው ነው፦ ማስተካከያዎች፣ እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝ ፋይል፣ የለውጦች መዝገብ። ሦስተኛው በ«ዲኤስሲ» የሚያልቅ አጭር ጽሑፍ ሲሆን የሌሎቹን መለያ ቁጥር ከፊርማ ጋር ይዟል። በሬድ ሃት ቤተሰብ ይህ ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ ይገባል፤ «ኤስአርሲ-አርፒኤም» ይሉታል። ዴቢያን ውስጥ የከርነሉ ሶርስ ፓኬጅ ስሙ በአጭሩ «ሊኑክስ» ነው፤ የሁሉም ፕሮሰሰሮች ኢሜጆች፣ ሄደርሶቹ፣ «ሊኑክስ-ሶርስ» ራሱም የሚወጡት ከእሱ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን በግልጽ ተቀመጠ ቢሉ፣ ከርነሉ ከ1992 ጀምሮ የሚሰራጨው በጂፒኤል ፈቃድ ነው። የተሠራውን ፕሮግራም የሚያሰራጭ ሁሉ ምንጩንም ለተቀባዩ ማቅረብ በፈቃዱ ውስጥ የተጻፈ ግዴታ ነው። ሶርስ ፓኬጅ ያለው ላፕቶፕ ለማፍጠን አይደለም፤ ተጠቃሚው የሚሠራበትን ነገር አንብቦ፣ ለውጦ፣ እንደገና መሥራት እንዲችል ነው። እርስዎ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ እንደመሆንዎ ይህን መብት ሳይጠቀሙበት ቢመረቁ ያሳዝነኛል። ጓደኛዎ ወደ ምንጩ መግፋቱ ስለዚህ ደስ ያሰኘኛል፤ መነሻው ከርነል መሆኑ ብቻ ነው ያልተመቸኝ።

በትንሽ ነገር ይጀምሩ። ዴቢያን ውስጥ «ሄሎ» የሚባል ፓኬጅ አለ፤ ሰላምታ ጽፎ ያበቃል፤ የተቀመጠውም ለማስተማሪያ ነው። መጀመሪያ የፓኬጅ ምንጮችዎ ዝርዝር ውስጥ «ዴብ-ኤስአርሲ» የሚል መኖሩን ይዩ፤ ብዙ ጊዜ ማጫኛው ራሱ ያስገባዋል። «ቢልድ-ኢሴንሻል» የሚባለውን ይጫኑ። ከዚያ «አፕት ሶርስ ሄሎ» ሲሉ ምንጩ ወርዶ ይፈታል፤ ይህ የአስተዳዳሪ ፈቃድ አይፈልግም። «አፕት ቢልድ-ዴፕ ሄሎ» ደግሞ ለመሥራት የሚያስፈልጉትን ይጭናል። ወደ ተፈታው ማህደር ገብተው «ዲፒኬጂ-ቢልድፓኬጅ» ሲሉ ከአፍታ በኋላ የራስዎ የሆነ የሚጫን ፓኬጅ ያገኛሉ። የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ «ኤኤምዲ64» የሚል ይኖራል፤ ይህ ፓኬጅ ለዚያ የትእዛዝ ስብስብ ኮምፓይል ሆኗልና።

ቀጥሎ ይህንኑ በአቢሲኒካ የግዕዝ ፊደል ይሞክሩት፤ ዴቢያን ውስጥ ፓኬጁ «ፎንትስ-ኤስአይኤል-አቢሲኒካ» ይባላል። የወጣውን ፋይል ስም ያንብቡ፤ በ«ኤኤምዲ64» ፋንታ «ኦል» ይላል። የፊደል ቅርጽ ለፕሮሰሰሩ ትእዛዝ ስላልሆነ በላፕቶፕዎም፣ በራስፕቤሪ ፓይም፣ በአገልጋይ ኮምፒውተርም ያው አንዱ ፓኬጅ ይጫናል። የትኛው ፓኬጅ ከፕሮሰሰር ጋር እንደታሰረ፣ የትኛው እንዳልታሰረ በራስዎ እጅ በሠሩት ላይ ያያሉ።

ከእነዚህ በኋላ ከርነሉን መሥራት ከፈለጉ አልከለክልዎትም። የሚሠራውን ማሽን አይቶ የማይፈለጉትን ድራይቨሮች የሚያስቀር «ሎካልሞድኮንፊግ» የሚባል ማዋቀሪያ አለ፤ ሥራውን ከሰዓታት በእጅጉ ያሳጥረዋል። ከማስጀመርዎ በፊት የሚጠቀሙባቸውን ዕቃዎች፣ ፍላሽም ይሁን ካሜራ፣ ሁሉንም ይሰኩ፤ በዚያ ሰዓት ያልተሰካውን ድራይቨር አያስፈልግም ብሎ ይተወዋል። ዴቢያን የሰጠዎትን ከርነል ግን አያራግፉ፤ የሠሩት ባይነሳ ከመነሻው ዝርዝር ላይ እሱን መርጠው ይገባሉ።